እንግዳ ሲገባ የሚደርቀው ኮምፒውተር

ከምሥራቅ ጀርመን የተመለሰ ሰው ሞተር ብስክሌት ይዞ ይመጣል። እሱ ቢቀር ፍሪጅ፣ ፍሪጁም ቢቀር የስፌት መኪና። በ1980 ዓ.ም. የነቀምቴ ሰው ይህን እንደ ደንብ ያውቀው ነበር። መምህርት ድርቤ የሁለት ዓመት ትምህርቷን ጨርሳ ስትመለስ ግን ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ካስወረደችው ካርቶን የወጣው ታይፕ የመሰለ ጠፍጣፋ ነገር ነው፤ ወረቀት ማስገቢያ እንኳ የለውም።

"ይኼ ደግሞ ምን ያደርጋል?" አሉ አማቷ አዴ በቀለች።

"ያስባል፣ እማዬ።"

አዴ በቀለች ሌላ ነገር ይወጣ እንደሆነ ብለው ካርቶኑን ዘቅዝቀው አራገፉት። ገለባ ብቻ ወጣ።

"ሁለት ዓመት ሙሉ ልጄን ወንደላጤ አድርገሽ፣ የሚያስብ ዕቃ ይዘሽ መጣሽ? ማሰቡንማ እኔም አስባለሁ። የጠፋው የሚሰፋ ነው!"

ዕቃው ኮምፒውተር ነበር፤ በሠፈራቸው በባኬ ጃማ ሌላ አልነበረም። ብቻውን ምንም አያሳይም፣ ከቴሌቪዥን ጋር ይያያዛል። ፕሮግራሙን ከቴፕ ካሴት ላይ እያዳመጠ ይቀበላል። ከጀርባው ደግሞ የክብሪት ፓኮ የምታህል ሳጥን ትሰካለታለች፤ ብዙ ነገር እንዲያስታውስ የምታደርገው እሷ ናት። ድርቤ ይኼን ሁሉ ቁጭ ብላ ስታስረዳ አዴ በቀለች የገባቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጃቸው ነመራ በጭነት መኪናው ከስንት አገር አዟዙሮ ያመጣው ቴሌቪዥን ከእንግዲህ የምራታቸው ሆኗል።

ዕቃው የገባው ደግሞ ያለ ቀረጥ ነው። ድርቤ አዲስ አበባ ጉምሩክ ላይ "ለማስተማሪያ" የሚል ደብዳቤ አሳይታ አለፈች፤ ደብዳቤው ግን ጭራ ነበረው። በሦስት ወር ውስጥ ለትምህርት ሥራ ማገልገሉን የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ሰው መጥቶ በዓይኑ ካላረጋገጠ፣ ዕቃው አዲስ አበባ መጋዘን ገቢ ይሆናል ይላል። መጋዘን ገብቶ የወጣ ዕቃ ያየ ሰው ካለ እስቲ ይንገረኝ! ድርቤ ይህን ኮምፒውተር የገዛችው ሁለት ክረምት የጀርመን ተማሪ ቤት ሳህን አጥባ ነው። ጓደኞቿ ሐይቅ ዳር ሲዝናኑ እሷ ክንዷ ድረስ ሳሙና ውስጥ ነበረች። ከእጇ ከሚወጣ ጣቷ ቢወጣ ትመርጣለች።

ደግሞም ሥራ አላት። አስተማሪ ያልሆነ ሰው ሮስተር ምን እንደሆነ አያውቅም፤ የታደለ ነው። ሰባ ተማሪ፣ አሥራ አንድ ትምህርት፣ የእያንዳንዱ ድምር፣ አማካይ፣ ከዚያ ከአንደኛ እስከ ሰባኛ ደረጃ። በእጅ ሲሠራ ሦስት ቀንና አንድ ጠብ ይፈጃል። ድርቤ ያንን ሁሉ በስድስት ደቂቃ የሚጨርስ ፕሮግራም ጽፋለች። ይኼን ያየ ባለሥልጣን እንዴት እምቢ ይላል?

እምቢ ያለው ኮምፒውተሩ ነው።

በደህና ሲሠራ ይቆይና፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ቁጥሩ እየተከታተለ ሲወርድ፣ በድንገት ድርቅ! ፊደሉ ይጠፋል፣ ጥቁርና ነጭ መስመር ይጋደማል፣ ቁልፉን ቢነኩት ቢደበድቡት ወይ ፍንክች። የገባው ሁሉ ጠፍቶ ካሴቱን ከመጀመሪያው ማስደመጥ ነው፤ እሱ ደግሞ ሩብ ሰዓት ይወስዳል። ያውም አንድ ቀን ቢሆን ባልከፋ፤ በየቀኑ ነው፣ በቀን ሁለቴ ሦስቴ።

ጀርመን ያስተማሯት ሽማግሌ መምህር "አንድ ነገር ብቻ ቀይሪ፣ ከዚያ ተመልከቺ" ይሉ ነበር። ድርቤም እንደ ታዘዘችው አንድ በአንድ መሞከር ጀመረች። መጀመሪያ መብራቱን ጠረጠረች፤ የነቀምቴ መብራት ደግሞ ቢጠረጠር አይበዛበትም። ከፊት ለፊት ሱቅ ያላቸውን የጉራጌውን ነጋዴ ጋሽ ገብረኪዳንን ለምና፣ የመብራት ኃይል የምታስተካክለውን ስታቢላይዘር ከለስላሳ ፍሪጃቸው ላይ አስነቅላ ወሰደች። የሠፈሩ ሰው ወር ሙሉ ለብ ያለ ለስላሳ ጠጣ፤ ኮምፒውተሩም ደረቀ። ቀጥላ ሙቀት ነው አለች፤ በአንድ እጇ እየጻፈች በአንድ እጇ በሰፌድ አራገበችለት። ደረቀ። ካሴቱ ነው ብላ በአዲስ ገለበጠችው። ደረቀ። አቧራ ነው ብላ ጫማ በር ላይ ይውለቅ አለች፤ ዶሮዎቹን አባረረች፤ አዴ በቀለች ቤት ውስጥ ጥጥ እንዳይፈትሉ ከለከለች። ይኼን ጊዜ አማቷ ሁለት ቀን አኮረፉ፤ ኮምፒውተሩ ግን አላኮረፈም፣ ያው ደረቀ።

ደብተር ያዘች። ቀን፣ ሰዓት፣ ስንተኛው መስመር ላይ እንደነበር፣ አየሩ ሞቃት ይሁን ብርድ። አርባ አንድ መድረቅ መዘገበች። ቤቱ ውስጥ ማን እንደገባ ግን አንድም ቦታ አልጻፈችም። ማን ይጽፋል?

ነገሩን የደረሱበት አዴ በቀለች ናቸው። አዴ በቀለች ደልደል ያሉ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሴት ናቸው፤ ቀኑን በመስኮቱ ሥር ካለችው አግዳሚ ላይ ሆነው በር በሩን እያዩ ይውላሉ። አንድ ቀን ወደ ምራታቸው ጠጋ ብለው፣

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ምላሴን ይቁረጠውና፣ ኦቦ ሞረዳ ሲመጡ ነው የሚደርቀው" አሉ። "ቆጥሬያለሁ።"

ኦቦ ሞረዳ የሠፈሩ ሽማግሌ ናቸው። ያላስታረቁት ጎረቤት የለም፤ ድርቤንና ነመራንም ያጋቡ እሳቸው ናቸው። በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ በትራቸውን ቋ ቋ እያደረጉ ብቅ ይሉና "እንዴት ዋለ፣ በሽተኛሽ?" ይላሉ። ድርቤ አንድም ቀን ከሳቸው ክፉ ነገር አስባ አታውቅም። የአማቷ ሹክሹክታ ግን ሠፈር የሚሰማው ነበርና፣ ዞሮ ኦቦ ሞረዳ ጆሮ ደረሰ። በማግስቱ አሥር ሰዓት ሆነ፤ በትር አልተሰማም። በሳልስቱም አልተሰማም።

ድርቤ ቤታቸው ድረስ ሄደች።

"አባ ኮ፣ ምነው ቀሩብን?"

"ዓይኔ ነው አሉ" አሉ ኦቦ ሞረዳ መሬት መሬት እያዩ። "ሰማንያ ዓመት የኖርኩበት ዓይን ነው። ከብት ላይ ምንም ብሎ አያውቅም። ብቻ የፈረንጅ ዕቃ ምን ይታወቃል፣ ልጄ፤ እንዳላጠፋብሽ ብዬ ነው።"

ድርቤ ስትመለስ መንገድ ላይ አለቀሰች። በኮምፒውተሩም፣ በአማቷም፣ በራሷም ተናደደች።

ኦቦ ሞረዳን ያዳናቸው ዳይሬክተሩ ነው። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር አንድ ከሰዓት በኋላ "እስቲ ይኼን ነገር" ብሎ ገባ፤ ድርቅ! በማግስቱ የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌ ኦቦ ጆቴ መጡ፤ ድርቅ! የቀበሌው ሊቀመንበር መዋጮ ሊጠይቅ ብቅ አለ፤ ድርቅ! በዚያው ቀን ወተት የምታመጣዋ ወይንሸት ገብታ ወጣች፤ ደህና። የጎረቤት ልጆች ተንጫጭተው ገብተው፣ ቴሌቪዥኑ ሥር ተገለባብጠው ወጡ፤ እንዲያውም ደህና።

አዴ በቀለች እጃቸውን አጨበጨቡ። "ይኸው! የኦቦ ሞረዳ ዓይን አይደለም። ዕቃው ሰው ያውቃል! ለትልቅ ሰው ነው ዝም የሚለው። እሰይ የኔ ባለጌ ያልሆነ!"

"እማዬ፣ ሽቦ ነው! ሽቦ ሰው አያከብርም!"

"አንቺ ካላሳደግሽው ማን አሳደገው ታዲያ?"

ድርቤ ልታብድ ደረሰች፤ ምክንያቱም አማቷ ያሉት እውነት ነው። መለስ ብላ ባሰበች ቁጥር እያንዳንዱ መድረቅ ላይ የተከበረ ሰው በር ላይ ቆሞ ይታያታል። ሁለት ዓመት ጀርመን ተምራ፣ ደብተሯ ላይ "የእንግዳው ዕድሜና ማዕረግ" ብላ አዲስ ዓምድ አሰመረች።

ወሬው እንደተሰማ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። የሠፈሩ ትልቅ ሰው ሁሉ ክብሩን ሊያስለካ መምጣት ጀመረ! አንዱ የሠርጉን ኮት ለብሶ መጣ። ኦቦ ጆቴ "ያን ቀን በአጋጣሚ እንዳይሆን" ብለው ድጋሚ መጡ፤ ደረቀላቸው፤ ደረታቸውን ነፍተው ወጡ። መሸታ ቤት ውስጥ "ለእኔኮ ገና በሩን ስረግጥ ነው የደረቀው" የሚል ክርክር ተነሳ። ሰዎቹ ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ፤ ድርቤ ካሴቷን ከመጀመሪያው ታጠነጥናለች።

በዚህ መካከል ደብዳቤው መጣ። ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ጓድ ኃይለጊዮርጊስ ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ይመጣሉ። ዕቃው ከሠራ ይሠራል ብለው ይፈርማሉ፤ ካልሠራ በመጡበት መኪና ጭነውት ይሄዳሉ። ድርቤ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበበችው።

ዓርብ ዕለት ጋሽ ገብረኪዳን ገቡ። ወር ሙሉ ስታቢላይዘራቸውን አውሰው፣ ከተማው ሁሉ ሲከበር እሳቸው ከፊት ለፊት ሆነው ሲያዩ ከርመዋል። ኮታቸውን አራግፈው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "አካም ጅርቱ! ቤቶች!" ብለው ቀጥ ብለው ገቡ። አገሬው ራሱ የሳቸውን ያህል ኦሮምኛ አሳምሮ አይናገርም። አዴ በቀለች የዚያን ቀን እግራቸው ወለም ብሏቸው፣ አግዳሚዋ ላይ ሆነው የጨው ውኃ ውስጥ ነክረውት ነበርና ከተቀመጡበት ሆነው "ይማሩኝ፣ ጋሽ ገብረኪዳን" አሉ።

ቴሌቪዥኑ ላይ ቁጥሩ መውረዱን ቀጠለ። ጋሽ ገብረኪዳን ጠበቁ። አሁንም ወረደ።

"ምናልባት አላየኝ ይሆናል" ብለው ወጥተው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ድጋሚ ገቡ። ኮምፒውተሩ አንደኛ የወጣውን፣ ሁለተኛ የወጣውን ተማሪ በደስታ ዘረዘረ፤ ድርቤ ያንን የመሰለ ሥራ ሲሠራ አይታው አታውቅም።

ጋሽ ገብረኪዳን ፊታቸው ቲማቲም መሰለ። "ሃያ ስድስት ዓመት በዚህ ከተማ! ለቀበሌ ሊቀመንበር ይደርቃል፣ ለእኔ አይደርቅም?" አሉና ጎንበስ ብለው ስታቢላይዘራቸውን ነቅለው፣ እንደ ሕፃን ታቅፈው ወጡ። ድርቤ ደጅ ድረስ እየተከተለች ለመነች፤ አልሰሟትም።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን ግን ጋሽ ገብረኪዳን በሩ ላይ ነበሩ። ደግ ሰው ናቸው፤ ኩርፊያቸው ከአንድ ሌሊት አያልፍም። ስታቢላይዘሩን ታቅፈው፣ "ለዛሬ ብቻ" እያሉ ገቡ። ድርቤ በዚያች ሰዓት ጠረጴዛው ሥር በአራት እግሯ ሆና ገመድ ትፈትሽ ነበር። ከላይዋ ኮምፒውተሩ የሙከራ ቁጥር ይቆጥራል። አዴ በቀለች እግራቸው ተሽሏቸዋል፤ የዓርቡም ነገር ሲከነክናቸው አድሯል። "ውይ ጋሽ ገብረኪዳን! ይግቡ ይግቡ!" ብለው በአንድ ጊዜ ብድግ አሉ።

ያኔ ድርቤ አየችው። ቤቱ የድሮ ነጋዴ ቤት ነው፣ ወለሉ ጣውላ ነው። ከአግዳሚዋ ሥር ተነስታ ጠረጴዛው ሥር ድረስ የምትመጣ አንዲት ረጅም ጣውላ አለች፤ ሚስማሯ የለቀቀ። አዴ በቀለች ሲነሱ ያኛው ጫፍ ቀለለውና ይኼኛው ጫፍ ቧ ብሎ ወረደ። ጠረጴዛው ተወዘወዘ። ከኮምፒውተሩ ጀርባ የተሰካችው ትንሿ ሳጥን አንዴ አጎነበሰች፤ ግንኙነቷ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ተቋረጠ።

"ደረቀ!" ብለው ጮኹ ጋሽ ገብረኪዳን። "ለእኔም ደረቀ! አዴ በቀለች፣ አዩልኝ?"

ድርቤ በድንጋጤ ጭንቅላቷን ከጠረጴዛው ጋር አጋጨችው፤ አልተሰማትም። እየተሳበች ወጣችና "እማዬ፣ ይቀመጡ" አለች። ሳጥኗን አስተካክላ፣ አጥፍታ አበራች፣ የሙከራ ቁጥሯን አስጀመረች። "እሺ፣ ይነሱ።"

ተነሱ። ደረቀ።

"ይቀመጡ። ይነሱ!"

ደረቀ።

"ይቀመጡ! ይነሱ! ይቀመጡ!"

"ምነው ሸዋ! የማርያም ጠበል ነው የምታስጠምቂኝ? ጉልበቴ!" አሉ አዴ በቀለች፤ ግን እየሳቁ ነበር፤ ምክንያቱም ድርቤ ወለሉ ላይ ተዘርግታ፣ ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እየወረደ ትስቅ ነበር። አርባ አንድ መድረቅ! መብራቱን፣ ሙቀቱን፣ ዶሮዎቹን! ለተከበረ ሰው አዴ በቀለች ይነሳሉ፤ ለወተት ሻጭና ለልጅ አይነሱም። ይኸው ነው፣ ሌላ ምንም አልነበረም።

ጋሽ ገብረኪዳን ሲገባቸው ደስታቸው ቀዘቀዘ። "ታዲያ ኮምፒውተሩ ለእኔ አልነበረማ።"

"ጋሽዬ" አለች ድርቤ እንባዋን እየጠረገች፣ "ለእርስዎ የተነሱት እማዬ ናቸው። በዚያ ጉልበታቸው። የቱ ይበልጣል?"

ጋሽ ገብረኪዳን ጥቂት አሰቡና ፊታቸው በራ። "ሚስማር ሱቅ አለኝ፤ መዶሻዬን ግን ከተማው ዳር ላለ አናጢ አውሼዋለሁ፤ አምጥቼው መጣሁ!" ብለው ሮጡ።

ድርቤ ሰዓቷን አየች፤ ገና ሁለት ሰዓት ተኩል። ባለሥልጣን ደግሞ ይዘገያል እንጂ አይቀድምም። ሚስማሩ እስኪመጣ ካሴቱ ይደመጥ ብላ ቴፑን ተጫነች። ካሴቱ አልቆ የተማሪዎቹ ውጤት ገብቶ እንዳበቃ ደጅ ላይ የመኪና ጥሩንባ ጮኸ። ጓድ ኃይለጊዮርጊስ አንድ ሰዓት ቀድመው መጡ!

ድርቤ ዞር አለች። አዴ በቀለች አግዳሚዋ ላይ ተቀምጠዋል። ጣውላዋን ረግጠው የያዟት እሳቸው ናቸው፤ አሁን ከተነሱ አለቀ።

"እማዬ፣ አፈር ልሁን፣ እንዳይነሱ!"

"ለባለሥልጣን? ተቀምጬ?" አዴ በቀለች ቆሌያቸው ተገፈፈ። "ሰባ ዓመቴ ነው፤ እንግዳ ሲገባ ተቀምጬ አላውቅም። እናቴ ከመቃብሯ ትነሳለች!"

"እናትዎ ይነሱ፤ እርስዎ አይነሱ። ይወስዱብኛል፣ እማዬ!"

አዴ በቀለች የምራታቸውን ፊት አዩ። በሁለት እጃቸው የአግዳሚዋን ጠርዝ ጭምድድ አድርገው ያዙ።

ጓድ ኃይለጊዮርጊስ ካኪ የለበሱ፣ ቀጭን፣ ሥርዓት የሚወዱ ሰው ናቸው። የተማሩት ኦሮምኛ አንድ ቃል ነው፤ የሄዱበት ቤት ሁሉ ሰው ሲነሳላቸው እጃቸውን ዝቅ ዝቅ እያደረጉ "ታኣ፣ ታኣ፤ ተቀመጡ፣ ሁላችንም እኩል ነን" ይላሉ። ይኼን ማለት ደግሞ ይወዳሉ። በሩን አልፈው ገቡና እጃቸውን አነሱ። "ታ..." ብለው አፋቸው ላይ ቀረ። አሮጊቷ ተቀምጠዋል።

አዴ በቀለች ግን መነሳቱን በአፋቸው ሊያካክሱ ቆርጠው ነበር። "እንኳን ደህና መጡ! እንኳን በሰላም! ቤት ለእንግዳ! ይግቡ፣ ይቀመጡ፣ እግዜር ይባርክዎ፣ ዕድሜ ይስጥዎ!" ሲሉ ላብ በግንባራቸው ይወርዳል፤ እግራቸው በራሱ ሊነሳ ሲል መልሰው ይጫኑታል። ጓድ ኃይለጊዮርጊስ አንዴ አሮጊቷን አንዴ ኮሌታቸውን እያዩ፣ ሌላ መቀመጫ ስለሌለ እዚያችው አግዳሚ ላይ አጠገባቸው ቁጭ አሉ። ፊታቸው ተቆጥቷል ለማለት እንኳ አይመችም፤ ከፍቷቸዋል።

ድርቤ አስጀመረች። አንድ ተማሪ፣ ሁለት ተማሪ፣ ሦስት... ቁጥሩ ወረደ። አሥር፣ ሃያ። ጓድ ኃይለጊዮርጊስ ቀስ በቀስ አንገታቸውን አሰገጉ። አርባ። "ድምሩንም ራሱ ነው የሚሠራው?" "ራሱ ነው፣ ጓድ።" ሃምሳ። ስድሳ።

ስድሳ አንድ ላይ ደጅ ላይ ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ ተሰማና ኦቦ ሞረዳ በሩ ላይ ቆሙ። ዓይናቸው ነጻ መውጣቱ ተነግሯቸው፣ ልጄ ለሚሏት ለድርቤ ቀን ምርቃት ሊያወርዱ ጋቢያቸውን አስተካክለው የመጡ ሰማንያ ዓመት ሽማግሌ።

መጀመሪያ የተነሱት ጓድ ኃይለጊዮርጊስ ናቸው። አስበው አይደለም፤ እናት አባታቸው እንዳሳደጓቸው ብድግ አሉ፣ ቆባቸውንም አወለቁ። አዴ በቀለች ባለሥልጣኑ ቆመው እሳቸው ተቀምጠው፣ ያውም ለኦቦ ሞረዳ! "ኧረ ይኼንስ አልችልም!" ብለው ተነሱ።

ጣውላዋ ቧ አለች። ቴሌቪዥኑ ላይ ጥቁርና ነጭ መስመር ተጋደመ።

ጓድ ኃይለጊዮርጊስ መስመሩን አዩ፤ ከቦርሳቸው ወረቀትና እስክሪብቶ አወጡ። "ያሳዝናል፣ መምህርት። ይቋረጣል ማለት ነው።"

ድርቤ ሞቅ አላት። ፍርሃቷ ሁሉ የት እንደሄደ አላወቀችም። "ጓድ፣ እሱ አልተቋረጠም፤ እርስዎ ነዎት ያቋረጡት!"

ያን ጊዜ ለባለሥልጣን እንዲህ ማለት ቀላል አልነበረም። ኦቦ ሞረዳ እንኳ በትራቸውን ጠበቅ አደረጉ። ድርቤ ግን አልቆመችም፤ ካኪ የለበሱትን ሰውዬ ክንዳቸውን ይዛ ጠረጴዛው ሥር አንበረከከቻቸው። "እማዬ፣ ይቀመጡ። ይነሱ። አዩ? ይቀመጡ። ይነሱ። አዩዋት ጣውላዋን? አዩዋት ሳጥኗን?"

ጓድ ኃይለጊዮርጊስ አዩ። ሁለቴ እንደገና አስነሱና አስቀመጡ። ከዚያ ከጠረጴዛው ሥር ሳይወጡ ቀና ብለው አዴ በቀለችን ጠየቁ፤ "ታዲያ እማማ፣ እኔ ስገባ ያልተነሱልኝ...?"

"መዳፌን እይ፣ ልጄ" አሉ አዴ በቀለች። ሁለት እጃቸውን ዘረጉላቸው፤ የአግዳሚዋ ጠርዝ መዳፋቸው ላይ ቀይ መስመር አስምሯል። "ሥራህ እንዳይበላሽ ብዬ ራሴን አስሬ ነው። እንደዛሬ ያለ ቀን አይምጣብኝ!"

ጓድ ኃይለጊዮርጊስ መዳፉን ትክ ብለው አዩት። "እኔኮ" አሉ ቀስ ብለው፣ "ምን በድያቸው ይሆን እያልኩ ስድሳ አንዱንም ተማሪ አላየሁም።" ከዚያ ሳቅ መጣባቸው፤ እዚያው ጠረጴዛው ሥር ተቀምጠው ካኪያቸው አቧራ እየለበሰ ሳቁ። ኦቦ ሞረዳ ምን እንደሆነ ባይገባቸውም አብረው ሳቁ። "እንደገና አስጀምሪው፣ መምህርት። እጠብቃለሁ።"

ሩብ ሰዓት ካሴት። አግዳሚዋ ላይ በመደዳ ተቀመጡ፤ አዴ በቀለች፣ ጓድ ኃይለጊዮርጊስ፣ ኦቦ ሞረዳ። ቁጥሩ መውረድ ሲጀምር ደግሞ፣ ባለሥልጣን መግባቱን የሰማው የሠፈር ትልቅ ሰው ሁሉ ጎረፈ! ዳይሬክተሩ ገባ። ከአግዳሚዋ ላይ ሦስት ሰው በደመ ነፍስ ሊነሳ ሲል ጓድ ኃይለጊዮርጊስ ግራና ቀኝ ክንዳቸውን ዘርግተው፣ "ማንም እንዳይነሳ!" ብለው ጮኹ። ዳይሬክተሩ እንደ ተያዘ ሌባ እጁን ሰቅሎ ግድግዳ ተጠጋ። ኦቦ ጆቴ ገቡ። "ማንም እንዳይነሳ! እርስዎም አይንቀሳቀሱ!" የቀበሌው ሊቀመንበር ገባ። "ቁጭ! ወለሉ ላይ! ቀስ ብለህ!" ጋሽ ገብረኪዳን መዶሻና ሚስማር ይዘው እያለከለኩ ደረሱና፣ ማንንም ሳይጠይቁ በሩ ላይ በእንብርክካቸው ቀሩ። ድርቤ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠች፤ ስድሳ አንድ፣ ስድሳ አምስት፣ ስድሳ ዘጠኝ፣ ሰባ!

ቴሌቪዥኑ አንድ አፍታ ጠቆረና ሰባው ስም ከአንደኛ እስከ መጨረሻ ተደርድሮ ወጣ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሮስተር በእጁ የሠራው ዳይሬክተር ራሱን ይዞ ግድግዳው ሥር ቁጭ አለ። "በስድስት ደቂቃ" አለ ለራሱ። "በስድስት ደቂቃ!"

ጓድ ኃይለጊዮርጊስ ወረቀታቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ እንዳይነቃነቁ እየተጠነቀቁ ጻፉ፤ ጮክ ብለውም አነበቡት። "በዓይኔ አይቻለሁ። ዕቃው ይሠራል። በመምህርት ድርቤ እጅ፣ ባለበት ይቆይ።" ፈረሙ። ድርቤ ወረቀቱን በሁለት እጇ ተቀበለች። ኮምፒውተሩ የሷ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ማንም አይወስደውም።

"በሉ፣ ሌላ ትምህርት ቤት ይጠብቀኛል" አሉ ጓድ ኃይለጊዮርጊስ። ከዚያ ግን አልተንቀሳቀሱም። ቴሌቪዥኑ ላይ ሰባው ስም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ባለሥልጣኑ ጎበጥ እንዳሉ፣ እንዴት ሾልከው እንደሚወጡ እያሰቡ ጣውላዋን ያያሉ። አዴ በቀለች አግዳሚዋን ጨብጠው ምራታቸውን ያያሉ። እንግዳ ሊሄድ ነው፤ ቤቱ ሙሉ ሰው ቁጭ ብሎ ሊሸኘው ነው። የአሮጊቷ ዓይን እንባ አቀረረ።

ድርቤ ሦስት ወር ሙሉ እንዳይጠፋባት ስትለምነው የኖረችውን ኮምፒውተር አየችው። እጇን ሰዳ አጠፋችው።

"ይነሱ፣ እማዬ" አለች።

አዴ በቀለች ተነሱ፤ ቤቱም በሙሉ አብሯቸው ተነሳና እንግዳውን እስከ ደጅ ሸኘ።